የሸማኔ ጉድጓድና የሸርጣን እንቁላል

ሥራዬን ለሽሮ ሜዳ ሰው ማስረዳት ከሥራው ራሱ ይከብዳል። ከእንጦጦ በሚወርዱት ጅረቶች ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ሸርጣኖችን እሰበስባለሁ። ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ ላቦራቶሪ ወስጄ ከሴቷ እንቁላል የሚበስልበትን ዕጢ፣ ከወንዱ ደግሞ የዘር ፍሬውን አወጣና በውስጣቸው ያሉትን ትንንሽ አር ኤን ኤዎች አጠናለሁ። ይህንን ስናገር አብዛኛው ሰው «እ...» ይልና ስለ ታክሲ ሰልፍ ማውራት ይጀምራል። አቋሟን በግልጽ ያስቀመጠችው እናቴ ብቻ ነች። «ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ለጾም አይሆን ለፍስክ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስወጣ «ሸርጣኖችሽን ሰላም በይልኝ» ትለኛለች።

ነገሩ ግን የሚባለውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዘረመሉ ትዕዛዝ ያወጣል፤ ትዕዛዙን ወደ ሥራ ቦታ የሚያደርስ መልእክተኛ አለ። ትንንሾቹ አር ኤን ኤዎች ይህን መልእክተኛ መንገድ ላይ ይይዙታል። ትዕዛዙ ወጥቷል፣ ግን አይደርስም። ሴቷ ሸርጣን ለእንቁላሎቿ አስኳል የምታዘጋጀው መቼ እንደሆነ፣ መቼስ እንደምታቆም በከፊል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ የማጣራው እንግዲህ ማን ማንን ዝም እንዳሰኘ ነው። ጓንት ሳላደርግ አንዲት ጠብታ አልነካም፤ በሰው እጅ ላይ ያለው ላብ ራሱ አር ኤን ኤውን በልቶ ይጨርሰዋል።

አባቴ ሸማኔ ነው። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ነው ያረጀው። ከገበያው ጀርባ የሸማኔዎች ማኅበር ሼድ አለ፤ እዚያ ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ቦታ የእሱ ነው። ቦታ ማለት ጉድጓድ ማለት ነው። ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ መርገጫዎቹን ተራ በተራ ይረግጣል፤ ድሩ አፉን በከፈተ ቁጥር በእጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል። እግር ከሌለ እጅ ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሌላ ቦታ ሥልጠና ወስደው የሚሸምኑ ሴቶች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፣ በቴሌቪዥንም አይተዋል። በእኛ ሼድ ግን ሴት ጉድጓድ ገብታ አታውቅም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ መልስም አልተዘጋጀለትም።

ባለፈው ዓመት ስኳር የአባቴን ቀኝ እግር አቆሰለው። ሐኪሞቹ ጣቶቹን ቆርጠው እግሩን አተረፉለት፤ መርገጫ ግን ከእንግዲህ እንዳይነካ አስጠነቀቁት። እጁ ደህና ነው፣ ዓይኑም እንደ ዕድሜው ደህና ነው። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ባዶ የቀረ ቦታ ለባለቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ እሱም ከሌለ ወረፋ ለሚጠብቅ ሸማኔ ያልፋል። አባቴ ወንድ ልጅ የለውም። ያለነው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ማኅበሩ ለወዳጅነት ሲል እስከ ፋሲካ እንጠብቃለን አለ፤ ምን እንደሚጠብቁ ግን ማንም አልተናገረም።

ቦታውን የምትፈልገው ታናሽ እህቴ ነበረች። በኮሮና ጊዜ ሼዱ ሲዘጋ አባቴ የሽመና ዕቃውን ወደ ቤት አምጥቶ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ተክሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ እሱ ጋደም ሲል እህቴ ትገባለች። መጀመሪያ ጠርዙ እየተጣመመባት ታፈርሰው ነበር፤ በኋላ ማፍረሱን ተወችው። አባቴ ተነስቶ ሥራው እሱ ከተወበት ክንድ ያህል ሄዶ ያገኘዋል። ከዚያው ይቀጥላል። በዚያ ዓመት ከቤታችን የወጣው ነጠላ እኩሌታው የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሼዱ ሲከፈት ዕቃው ተመለሰ፣ የጓሮው ጉድጓድ ተደፈነ፣ እናቴም ጎመን ተከለችበት። እህቴ ሱቅ ተቀጥራ ጋቢ መሸጥ ጀመረች። ለደንበኛ ጋቢ ስትዘረጋ መጀመሪያ የምታየው ጠርዙን ነው።

በዓቢይ ጾም አንድ ምሽት ራት በልተን ተቀምጠን ሳለ አባቴ እግሩን በርጩማ ላይ እንዳደረገ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«እስቲ ይሄ ያንቺ ትል... ወንዱን ከሴቷ በምን ትለዪዋለሽ?»

«ትል አይደለም አባባ፣ ሸርጣን ነው። በጀርባው ሲገለብጡት ሆዱ ላይ የታጠፈ ክዳን ያያሉ። የወንዱ ጠባብ ነው። የሴቷ ሰፊ ነው፤ እንቁላሎቿንም የተፈለፈሉ ልጆቿንም እዚያ ሥር ይዛ ስለምትዞር።»

«ወንዱን ወንድ የሚያደርገውስ?»

እዚህ ላይ ጨዋታ አማረኝ። ወንዱ አንዲት ትንሽ ዕጢ እንዳለችው ነገርኩት። ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የሸርጣን ዘመድ በሆነው በወንዝ ሽሪምፕ ላይ የሠሩትንም ጨመርኩለት። ገና ግልገል ሳለ ወንዱን በመርፌ ይወጉታል። የተወጋው ነገር በሕዋሱ ውስጥ ተቆራርጦ ትንንሽ አር ኤን ኤ ይሆንና የዚያችን ዕጢ ትዕዛዝ ዝም ያሰኘዋል። ያኔ ወንዱ ሴት ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላል ይጥላል፣ ይወልዳል።

«ይወልዳል?»

«ትወልዳለች። ልጆቿም ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

እናቴ እንዝርቷን አቁማ ሳቀች። «ወይ እኔ ቤት ሳይደርስ መቅረቱ! ሁለት ሴት ሳልወልድ ቀድመሽ ብታገኚው ምን ነበረበት?»

አባቴ አልሳቀም። እህቴም አልሳቀችም፤ የአባቴን የቁስል ጨርቅ ወደምታጥብበት ሳህን ተመለሰች።

ያንን ወሬ አባቴ ሼድ ይዞት ሄደ። ሥራ ባይኖረውም ጠዋት ጠዋት በምርኩዝ እየሄደ በሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ወሬው ከሼዱ ሲወጣ ሽሪምፑ ከውስጡ ወድቆ ነበር። የሸማኔው ልጅ ወንድ ወግታ ሴት ታደርጋለች፤ ይኸው ነው የቀረው። በማግስቱ ሼዱ በር ላይ አንዱን ሸማኔ እጄን ዘርግቼ ሰላም ስለው እጁን ጋቢው ውስጥ ሰበሰበው። ሌላው ለአባቴ ውሃ ይዤ ስገባ ተነስቶ ወጣ። ጓንት የማደርገውም ለዚሁ ነው ተባለ። የሴቶቹ ወሬ ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ፦ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያስወልድ መርፌ አለኝ። አንዲት የእናቴ ጓደኛ ማር ይዛ መጣች። ሴቶች ልጆች ብቻ ያሉት የሰፈራችን ባለሱቅም ሳሙና ስገዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እንኳን አልሀምዱሊላህ፣ ማለቴ... ለአንድ ጓደኛዬ ነው የምጠይቅሽ» አለኝ። ለጓደኛው አዘንኩለትና ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። ማሩን ግን እናቴ አልመለሰችውም።

እኔ ነገሩ አስቆኝ ነበር። አባቴን ግን ጎዳው፤ በሩ አጠገብ ሲቀመጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። በመጨረሻ የማኅበሩ ሰብሳቢ ቤታችን መጡ። ከአባቴ ጋር አብረው ከአገር ቤት የመጡ፣ እኔንም ሕፃን ሆኜ ያዘሉኝ ሽማግሌ ናቸው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለን። መጥተሽ ነገሩን አስረጂልን፣ የኔ ልጅ። ሰው ያልገባውን ነገር ይፈራል» አሉኝ። እዚያው ስብሰባው ላይ የአባቴ ቦታ ጉዳይም እንደሚታይ ነገሩኝ። ፋሲካ ቀርቧል።

ጥሩ አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ ከመመረቂያ ጽሑፌም የበለጠ ተጨነቅኩበት።

እሑድ ሸማኔዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በየጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አባቴ በበሩ በኩል ወንበር ተሰጥቶታል። እህቴ ውጭ ቆማለች። ሰብሳቢው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ስብሰባውን ከፈቱ፤ ሸማኔዎች ስብሰባ ላይ ሌላ ተረት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሽሪምፕ ምን እንደሆነ፣ መርፌው ለሽሪምፕ እንጂ ለሰው እንደማይሠራ፣ እኔም በሕይወቴ አንድ ሽሪምፕ ወግቼ እንደማላውቅ አስረዳሁ። ትከሻዎች ሲላሉ ታየኝ። እጁን የሰበሰበው ሰውዬ ሳይቀር ፈገግ አለ።

ያኔ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። «እንግዲህ አባቶቼ፣ በውሃው ውስጥ ወንዱን ወንድ የሚያደርገው አንዲት ዕጢ ከሆነች፣ እሷም በቀላሉ ዝም የምትል ከሆነ፣ ወንድና ሴት እንደምናስበው የተራራቁ አይደሉም። ታናሽ እህቴ ሽመና ትችላለች። የአባቴን ቦታ እሷ ትያዝ።»

ሰብሳቢው ከልባቸው ያስቡ ነበር፤ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ ግንባራቸውን በሁለት ጣት ያሹ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ወንዱ ሴት እንደሚሆን ነገርሽን። ሴቷስ? ወንድ ትሆናለች?»

መዋሸት አልችልበትም። «አዎ» አልኳቸው። «ዕጢውን ከወንድ ወስደው ገና በልጅነቷ ከተከሉባት ትሆናለች። ክንዷ እንደ ወንድ ይረዝማል፣ እንደ ወንድም ትጣላለች።»

«ይኸውላችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ውሃ ውስጥ እንኳን የወንድ ሥራ ለመሥራት መጀመሪያ ወንድ መሆን አለባት!»

ሌላው ደግሞ ሳይቀልድ ጠየቀኝ። «ዕጢው እዚህ አገር ይገኛል?»

«ለሰው አይሆንም ብያችኋለሁ እኮ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ሰብሳቢው እጃቸውን አነሱ። «የሚሆን ቢሆን ደስታዬ ነበር። ጥሩ እጅ አላት። በኮሮና ጊዜ ከእናንተ ቤት የወጣውን ነጠላ አይቻለሁ፤ የአባትሽ ጠርዝ ወደ ግራ ትንሽ ይስባል፣ የእሷ አይስብም። ግን በቃ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው።» ቦታው ከፋሲካ በኋላ ወረፋ ለሚጠብቅ ሸማኔ እንዲሰጥ ተወሰነ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሰደበንም። ስንወጣ ሁሉም ተነስተው አባቴን ጨበጡት፤ እኔንም ጨበጡኝ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት በእነሱ አልነበረም፤ የሰጠሁት መልስ ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ።

መንገድ ላይ እህቴ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ስደርስባት ሳትዞር ተናገረች። «ወንድ አድርጊኝ ብዬ ለመንኩሽ? ማንን ወንድ አድርገኝ አልኩ? ቁጭ ብዬ ልሥራ ነው ያልኩት። ቁጭ ብዬ ልሥራ! እዚህ ውስጥ ሸርጣን ምን አገባው?»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ሱቋ ታጠፈች፤ እሑድ ስለነበረ ሱቁ ዝግ ነበር፣ ግን ሄደች።

ቤት ስንገባ ለአባቴ ምሳ አቀረብኩለት። ሽሮው ፊቱ ቀዘቀዘ። ሳህኑን ላነሳ ስል አስቆመኝ።

«ያ ሽሪምፕ» አለ። «ዕጢዋን አያወጡበትም አይደል? ዝም ብቻ ነው የሚያሰኟት?»

«አዎ አባባ። ዕጢዋ እቦታዋ ናት።»

«እሺ» አለ፤ ምርኩዙን ይዞም ወደ መኝታው ገባ።

ሰኞ ጠዋት ከወትሮው ቀድሞ ለብሶ አገኘሁት። እህቴን «ዛሬ ሱቅ አትሄጂም፣ ንገሪያቸው» አላት። እኔ መድኃኒቱንና የእግሩን ትራስ ይዤ ተከተልኳቸው። ምን እንዳሰበ ሁለታችንም አናውቅም ነበር፤ እህቴ ዕቃውን ነቅሎ ለማምጣት መስሏት የማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ነበር።

ሼዱ ሥራ ጀምሯል። አባቴን ሲያዩ ተነስተው ሰላም አሉት። እሱ በቀስታ ወደ ቦታው ሄደ። ድሩ እሱ ከታመመበት ቀን ጀምሮ እንደተወጠረ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። በመዳፉ አራገፈው።

«ጫማሽን አውልቂ» አላት እህቴን።

አየችው።

«አውልቂና ግቢ።»

ገባች። በዚያ ሼድ ውስጥ የሴት እግር ጉድጓድ ሲገባ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። መወርወሪያዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሰብሳቢው ከቦታቸው ተነስተው መጡ።

«ወንድሜ፣ ትናንት ተነጋግረን ጨርሰን...»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ። ከዚያም ግድግዳው ሥር ወዳለችው አጭር በርጩማ ሄደ። እዚያ የሚቀመጡት ሚስቶችና ልጆች ናቸው፤ ለሸማኔው ማግ ያጠነጥኑለታል፤ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባውን ቀሰም እየሞሉ ያቀብሉታል። የሴትና የልጅ ሥራ ነው፣ ጢም ያወጣ ወንድ አይነካውም። አባቴ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፣ ማጠንጠኛውንም ወደ ራሱ ሳበ።

አንዱ ከወዲያ ሳቅ አምልጦት ነበር፤ ማንም ስላልተከተለው አቆመው።

«ይኸው» አለ አባቴ ሳይጮህ። «እኔ ቦታ ላይ የሴት ሥራ የሚሠራ አንድ፣ የወንድ ሥራ የሚሠራ አንድ አለ። የጎደለ አለ የሚል ይቁጠር።»

ሰብሳቢው እሱን አዩት፣ እህቴን አዩ፣ ተመልሰው እሱን አዩት። አብሯቸው ከአገር ቤት የመጣ፣ ልጆቻቸውን ያሠለጠነላቸው ሰው ግድግዳ ሥር የልጆች በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ዞረው ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ፣ እግራቸውንም ሰደዱ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ የእሳቸው መወርወሪያ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም የሌሎቹ።

እህቴ የመጀመሪያዎቹን ክሮች ስትመታ በየመሃሉ ቀና እያለች ታየን ነበር። ኋላ ግን ረሳችን። ቀሰሙ ሲያልቅባት ዓይኗን ከሥራው ሳታነሳ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ማንኛውም ሸማኔ እንደሚያደርገው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አፍሯል፤ ከግንባሩ ላቡ ይወርድ ነበር፣ የሚያጠነጥነው እጁም እንደ ጀማሪ ክሩን ያንሸራትተው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እናቴ አጠንጥናለት እንጂ እሱ አጠንጥኖ አያውቅም። አልተነሳም። የሞላውን ቀሰም አነሳና በተዘረጋው መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ ከዚያም ሌላ ባዶ አነሳ።